ክኒኗ ከቡናው በፊት፦ የነፍሰ ጡር ታይሮይድና የልጇ በሽታ የመከላከል አቅም

የታይሮይድ መድኃኒት የምትወስድ ሴት ስታረግዝ፣ ክትትል ክፍል ገብታ ገና ሳትቀመጥ የምትጠይቀው ሁለት ጥያቄ አለ። «ሲስተር፣ ክኒኑን ላቁመው?» እና «ልጄ በሽታ የማይችል ደካማ ሆኖ ይወለድብኝ ይሆን?» ለመጀመሪያው መልሱ አንድ ቃል ነው፦ አያቁሙት። ሁለተኛው ግን በአንድ ቃል አያልቅም። ከጎንደር ከተማም ሆነ ከደባትና ከደባርቅ የሚመጡ እናቶች በዚህ ጉዳይ የሚሰሙት ወሬ ብዙ ነው፣ የሚነገራቸው ዝርዝር ግን ጥቂት። ስለዚህ በእናቶችና ሕፃናት ጤና ሥራ ላይ ያለን ሰዎች ደጋግመን የምንመልሰውን እዚህ አስፍረነዋል። ለእናቶች፣ ለባሎቻቸው፣ ገጠር ጤና ጣቢያ ላሉ አዋላጆችም እንዲሆን ነው።

ታይሮይድ ከማንቁርት ዝቅ ብሎ አንገት ላይ የተቀመጠ፣ ክንፉን የዘረጋ ቢራቢሮ የሚመስል ዕጢ ነው። ሲያብጥ እንቅርት እንለዋለን። ከአዮዲን ቲፎርና ቲስሪ የሚባሉ ሆርሞኖችን ይሠራል፤ ሥራውን የሚያዝዘው ከአንጎል ሥር ያለው ፒቱታሪ ዕጢ በሚልከው ቲኤስኤች ነው። ታይሮይዱ ሲሰንፍ ቲኤስኤች ከፍ ይላል፣ ከልኩ በላይ ሲሠራ ደግሞ ይወርዳል። «ቲኤስኤችሽ ከፍ ብሏል» ሲባሉ ሆርሞናቸው የበዛ የሚመስላቸውና ክኒኑን በራሳቸው የሚቀንሱ ሴቶች አሉ። ነገሩ ተቃራኒው ነው፤ ከፍ ካለ ክኒኑ አንሷል ማለት ነው።

የጽንሱ ታይሮይድ አዮዲን መያዝና ሆርሞን መሥራት የሚጀምረው ከ10ኛው እስከ 12ኛው ሳምንት ግድም ነው። ወጉን ይዞ ማመንጨት የሚጀምረው ግን በእርግዝናው አጋማሽ፣ ከ18ኛው እስከ 20ኛው ሳምንት አካባቢ ነው። እስከዚያ የሚጠቀመው ሆርሞን ከእናቱ ደም በእንግዴ ልጁ በኩል የሚሻገረው ነው። ከዚያ በኋላም ቢሆን መሻገሩ አይቆምም፤ ታይሮይድ ጨርሶ ሳይኖራቸው የሚወለዱ ሕፃናት እንኳ በተወለዱበት ቀን እትብታቸው ውስጥ የእናታቸው ቲፎር ይገኛል። እዚህ ላይ ነው የእኛ አገር ችግር የሚጀምረው። ብዙ እናቶች ለመጀመሪያ ጊዜ ክትትል የሚመጡት ሆዳቸው ሲታይ፣ በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ወር ነው። ሕፃኑ ሙሉ በሙሉ በእናቱ ሆርሞን የሚኖርበት ጊዜ ያኔ በአብዛኛው አልፏል። ታይሮይድ ያለባት ሴት የወር አበባዋ በሳምንት ሲዘገይ ነው መምጣት ያለባት።

መምጣቱም ለመድኃኒቱ መጠን ነው። በእርግዝና ጊዜ ኤስትሮጅን ሲጨምር በደም ውስጥ ቲፎርን ተሸክሞ የሚዞረው ፕሮቲን ይበዛል፤ ጽንሱም ይወስዳል፤ አዮዲንም በሽንት ይበልጥ ይወጣል። ጤነኛ ታይሮይድ ምርቱን ጨምሮ ይሸፍነዋል። ክኒን የምትወስድ ሴት ታይሮይድ ግን መጨመር ስለማይችል ክኒኑ ነው መጨመር ያለበት። የተለመደው አሠራር ቀላል ነው፦ በሳምንት 7 ሌቮታይሮክሲን (የቲፎር ሆርሞን ክኒን) የምትወስድ ሴት እርግዝናዋ እንደታወቀ 9 ታደርገዋለች። ለምሳሌ ማክሰኞና ቅዳሜ ሁለት ሁለት፣ በሌላው ቀን እንደ ወትሮው አንድ። ጭማሪው 29 በመቶ ገደማ ይሆናል። ይህ ግን አስቀድሞ ከሐኪም ጋር የተነጋገሩበት ሲሆን ነው፤ የልብ ሕመም ያለባት ወይም በታይሮይድ ካንሰር ምክንያት ቲኤስኤችዋ ሆን ተብሎ ዝቅ የተደረገ ሴት ሳትጠይቅ አትጨምር። ለማርገዝ የምታስብ ሴት «ካረገዝኩ ምን ላድርግ?» የሚለውን መልስ ካርዷ ላይ አጽፋ ትያዝ። ቀጠሮ እስኪደርስ የሚጠፋው ወር ውድ ወር ነው።

ከዚያ ቲኤስኤች በየ4 ሳምንቱ እስከ እርግዝናው አጋማሽ ይለካል፣ ከዚያም ቢያንስ አንድ ጊዜ በ30ኛው ሳምንት ግድም። ሌቮታይሮክሲን የምትወስድ ነፍሰ ጡር ቲኤስኤችዋ ከ2.5 በታች ቢሆን ጥሩ ነው። መድኃኒት ለማትወስድ ሴት፣ ላቦራቶሪው ለነፍሰ ጡር ያወጣው የራሱ ልክ ከሌለው፣ በመጀመሪያዎቹ ወራት 4.0 አካባቢ እንደ ላይኛው ድንበር ይያዛል። ከ10 በላይ ከሆነ ሕክምናው አያወላዳም። በ4 እና በ10 መካከል ከሆነ ቲፒኦ የሚባለው ፀረ እንግዳ አካል መኖር አለመኖሩ ሚዛኑን ይለውጠዋል፤ ካለ ይታከማል፣ ከሌለ ሐኪሙ ከእናቲቱ ጋር መክሮ ይወስናል።

ላቦራቶሪ ላይ ሁለት ስህተቶች በተደጋጋሚ ይገጥማሉ። አንደኛው ኤችሲጂ የሚባለው የእርግዝና ሆርሞን የሚያመጣው ነው። ኤችሲጂ ታይሮይዱን ራሱ ስለሚያነሣሣው ቲኤስኤች ከ7ኛው እስከ 12ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ በጤነኛ ሴትም ይወርዳል። በጣም የሚያስመልሳት ሴት ላይ ደግሞ ጨርሶ ሊጠፋና ፍሪ ቲፎር (በተሸካሚ ፕሮቲን ያልተያዘው ቲፎር) ሊጨምር ይችላል። ይህ ታይሮይድን ከልኩ በላይ ከሚያሠራው ከግሬቭስ በሽታ የተለየ ነው። እንቅርት ከሌለ፣ ዓይን ካላፈጠጠ፣ ከእርግዝና በፊት የነበረ ምልክት ከሌለና የታይሮይድ አነሳሽ ፀረ እንግዳ አካል ካልተገኘ፣ የሚያስፈልጋት ግሉኮስና ፈሳሽ እንጂ የታይሮይድ ማስታገሻ አይደለም። ማስመለሱ ሲበርድ ቁጥሩም ይመለሳል። እዚህ ላይ ፒቲዩ የሚባለው የታይሮይድ ማስታገሻ ከተጀመረላት መድኃኒቱ ተሻግሮ የጽንሱን ታይሮይድ ያሰንፈዋል።

ሁለተኛው ስህተት የቲፎር ንባብ ነው። ተሸካሚ ፕሮቲኑ ስለበዛ ጠቅላላ ቲፎር ከ16ኛው ሳምንት በኋላ ካላረገዘች ሴት ልክ በ50 በመቶ ያህል ከፍ ይላል። ስለዚህ ወረቀቱ ላይ የታተመውን ድንበር በ1.5 አባዝቶ ማንበብ ያስፈልጋል። ፍሪ ቲፎር ደግሞ በአንዳንድ መሣሪያ እርግዝናው ሲገፋ ከእውነቱ ዝቅ ብሎ ይታያል፤ ቲኤስኤችዋ ደህና ሆኖ ፍሪ ቲፎር ትንሽ ስለወረደ ብቻ መደናገጥ አይገባም። አሃዱንም ማየት ነው፤ 1 ናኖግራም በዴሲሊትር ማለት 12.9 ፒኮሞል በሊትር ገደማ ነው። ሁለት ላቦራቶሪ በሁለት አሃድ ያወጣውን ውጤት ጎን ለጎን አስቀምጦ «በአንድ ወር አሥር እጥፍ ጨመረ» ማለት የሚመጣው ከዚህ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ፣ የልጁ በሽታ የመከላከል አቅም። የእናት ታይሮይድ ይህን አቅም የሚነካው በሦስት መንገድ ነው፤ ሦስቱ እኩል የተረጋገጡ አይደሉም፣ እኩልም አያስፈሩም።

የመጀመሪያው መንገድ ሆርሞኑ ራሱ በመከላከያ ሴሎች አፈጣጠር ላይ ያለው ሚና ነው። ነጭ የደም ሴሎች የታይሮይድ ሆርሞን የሚቀበሉበት ተቀባይ አላቸው። ታይሮይዳቸውን የሚያዝ የፒቱታሪ ሆርሞን የሌላቸው አይጦች መቅኔያቸው ውስጥ የሚመረተው የቢ ሴል ቁጥር ያነሰ ነው፤ ታይሮክሲን ሲሰጣቸው ይሻሻላል። ይበልጥ ወደ ጉዳያችን የሚቀርበው በእርግዝና ጊዜ ታይሮይዷ እንዲሰንፍ የተደረገች አይጥ ግልገሎች ላይ የተሠራው ጥናት ነው። ግልገሎቹ አድገው የራሳቸውን ነርቭ የሚያጠቃ በሽታ በሙከራ ሲያዙ ሕመሙ ጠንክሮባቸዋል። ግን በሌላ ሙከራ፣ እንዲህ ካሉ እናቶች የተወለዱ ሴት ግልገሎች የሳንባ ምች የሚያመጣውን ኒሞኮከስ ባክቴሪያ ይበልጥ አጽድተዋል። ሁለቱን አንድ ላይ ስናነባቸው የእናት ሆርሞን ማነስ የልጁን መከላከያ «ያደክማል» ወይም «ያበረታል» ማለት እንደማይቻል ይታያል፤ አዝማሚያውን ይለውጣል ማለት ይቀርባል። አንዱን ወራሪ ጀርም አጥብቆ የሚመታ መከላከያ የገዛ አካሉንም አጥብቆ ሊመታ ይችላል።

በሰው ላይ ያለው ማስረጃ ከዚህ የላላ ነው። ዴንማርክ ውስጥ የሕዝብ የጤና መዝገብን በመጠቀም በተሠራ ጥናት፣ የታይሮይድ ማነስ ያለባቸው እናቶች ልጆች ላይ አስም በመጠኑ በዝቶ ታይቷል፤ ጎልቶ የታየውም ሕክምና ባላገኙት እናቶች ልጆች ላይ ነው። እንዲህ ያለ ጥናት ሁለት ነገሮች አብረው መገኘታቸውን ያሳያል፤ አንዱ ሌላውን ማምጣቱን አያረጋግጥም። የእናትና የልጅ ዘር አንድ ነውና፣ ሰውነት ራሱን የማጥቃት ዝንባሌ በዘርም ሊወርድ ይችላል። ስለዚህ አንዲት እናት ልጇ ሲያስነጥስ «ያኔ ታይሮይዴ ስላነሰ ነው» ብላ ራሷን እንድትከስ የሚያደርግ ማስረጃ የለም። ይህን በግልጽ መናገር ግዴታችን ነው፤ ጥፋተኝነት ተሸክመው የሚመጡ እናቶችን እናያለንና።

ሁለተኛው መንገድ ግን በጣም የታወቀ ነው፣ እኛም ልናስተካክለው የምንችለው እሱን ነው፦ ቀኑን ሞልቶ መወለድ። አይጂጂ የሚባሉት የእናት ፀረ እንግዳ አካላት በእንግዴ ልጁ በኩል ወደ ሕፃኑ መሻገር የሚጀምሩት በ13ኛው ሳምንት ግድም ቢሆንም፣ አብዛኛው ክምችት የሚሞላው በመጨረሻዎቹ ሳምንታት ነው። ቀኑን ሞልቶ የተወለደ ሕፃን የአይጂጂ መጠኑ ከእናቱ ጋር እኩል፣ አንዳንዴም የሚበልጥ ነው። በ28 ወይም በ30 ሳምንት የተወለደው ግን ስንቁ ገና ሳይሞላ የወጣ መንገደኛ ነው። የእናቱን የኩፍኝ፣ የመንጋጋ ቆልፍ፣ የሌላውንም በሽታ መከላከያ በወጉ አልተቀበለም። ያልታከመ የታይሮይድ ማነስም ሆነ ያልተቆጣጠሩት መብዛት ያለ ጊዜ መውለድን፣ የእርግዝና ደም ግፊትንና ዝቅተኛ የልደት ክብደትን ያበዛል። ስለዚህ «ለልጄ በሽታ መከላከያ ምን ላድርግ?» ለምትል ታይሮይድ ያለባት እናት ዋናው መልስ ቲኤስኤችን በልኩ ይዞ ቀኑን መሙላት ነው። ከዚህ ጋር የቲዲ (የመንጋጋ ቆልፍና የዲፍቴሪያ) ክትባት፦ ከዚህ በፊት ያልተከተበች ሴት ቢያንስ ሁለት ጊዜ፣ በ4 ሳምንት ልዩነት፣ ሁለተኛውም ከመውለዷ ከ2 ሳምንት በፊት። ክትባቱ የሚያመጣው ፀረ እንግዳ አካል የሚሻገረው በዚያው መንገድ ነውና።

ሦስተኛው መንገድ ላይ መከላከያው ራሱ ጠላት ሆኖ ይሻገራል። እዚህ ላይ ረዘም እንላለን፤ የሚሳተውም፣ ሕፃን የሚገድለውም ይህ ነውና።

የግሬቭስ በሽታ ያለባት ሴት ደም ውስጥ ታይሮይድን ያለ ማቋረጥ የሚያነሣሣ ፀረ እንግዳ አካል አለ፤ ሐኪሞች ትራብ ይሉታል። እሱም አይጂጂ ስለሆነ እንግዴ ልጁ እንደ ሌሎቹ አሳልፎ ለጽንሱ ይሰጠዋል። ከግሬቭስ እናቶች ልጆች በዚህ የሚታመሙት ጥቂቶች ናቸው፤ ከመቶ ከ1 እስከ 5 የሚሆኑት። የትራብ መጠኗ ከላይኛው ድንበር ከሦስት እጥፍ በላይ የሆነ እናት ልጅ ግን ልዩ ክትትል ይፈልጋል። ከሁሉ በላይ የሚዘነጋው ታይሮይዷ በቀዶ ሕክምና የወጣላት ወይም በጨረር አዮዲን የታከመች እናት ናት። እሷ አሁን ሌቮታይሮክሲን ስለምትወስድ ካርዷ ላይ «የታይሮይድ ማነስ» ተብሎ ይጻፋል፣ ሁሉም ይረሳዋል። ዕጢው ቢወጣም ፀረ እንግዳ አካሉ ለዓመታት ሊቆይ ይችላል፤ የእናቱን ታይሮይድ ባያገኝ የልጁን ያገኛል። ስለዚህ አዋላጅ አንገት ላይ የቀዶ ጠባሳ ስታይ «ይህ ለምን ተሠራ?» ብላ መጠየቅ አለባት። መልሱ «ልቤ ይመታ ነበር፣ እከሳ ነበር፣ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር» ከሆነ ትራብ መለካት አለበት፦ በእርግዝናው መጀመሪያ፣ ከፍ ካለ ደግሞ ከ18ኛው እስከ 22ኛው ሳምንት፣ አሁንም ከፍ ካለ ከ30ኛው እስከ 34ኛው ሳምንት። ምርመራው በሁሉም ላቦራቶሪ አይገኝምና ናሙና የሚላክበትን ጊዜ ቀድሞ ማሰብ ነው።

የግሬቭስን መድኃኒት በተመለከተ፣ እስከ 16ኛው ሳምንት የሚመረጠው ፒቲዩ ነው። ሌሎቹ ማስታገሻዎች፣ ሜቲማዞልና ካርቢማዞል፣ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የራስ ቅል ቆዳ መጉደልን፣ የአፍንጫ ቀዳዳና የጉሮሮ ቧንቧ መደፈንን ሊያመጡ ስለሚችሉ ነው። ፒቲዩ ደግሞ ጉበት ሊጎዳ ይችላል፤ ዓይን ቢጫ ከሆነ፣ ሽንት ጥቁር ሻይ ከመሰለ ወዲያው ሐኪም ጋ። ሁለቱም ነጭ የደም ሴልን ባንድ ጊዜ ሊጥሉ ይችላሉ። መድኃኒቱን የምትወስድ ሴት ትኩሳትና የጉሮሮ ሕመም ከያዛት «ጉንፋን ነው» ብላ በዳማከሴ አትቆይ፤ ክኒኑን አቁማ በዚያው ቀን ሙሉ የደም ቆጠራ ታሠራ። መጠኑ የሚወሰነው የእናቲቱ ፍሪ ቲፎር በላይኛው ድንበር ላይ ወይም በጥቂት ከፍ ብሎ እንዲቆይ ነው። እናቲቱን ፍጹም «መደበኛ» ለማድረግ መጣር ጽንሱን ያሰንፈዋል፤ መድኃኒቱ በእሱ ላይ ይበልጥ ይበረታልና።

ከወሊድ በኋላ ያለው ወጥመድ ደግሞ ይኸው። ሕፃኑ ሲወለድ ሁለት ነገር ከእናቱ ይዞ ይወጣል፦ የምትወስደውን ፒቲዩ ወይም ሜቲማዞል፣ እና ትራቡን። መድኃኒቱ በጥቂት ቀን ውስጥ ከደሙ ያልቃል። ፀረ እንግዳ አካሉ ግን ለሳምንታት ይቆያል። ስለዚህ በመጀመሪያው ቀን ጤነኛ መስሎ፣ ተመዝኖ፣ ቢሲጂ ተከትቦ ወደ ቤት የሄደ ሕፃን በአምስተኛው፣ በስምንተኛው፣ በአሥረኛው ቀን አራስ ቤት ውስጥ ይታመማል። ጡት በስስት ይጠባል፣ ክብደት ግን አይጨምርም። አይተኛም፣ ያልበዋል፣ ዓይኑን አፍጦ ይመለከታል፣ ተቅማጥ አለው። ቤተሰቡ ቡዳ ነው፣ ዓይን ነው ሊል ይችላል። እጅን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ ሕፃኑ ተኝቶ ሳለ፣ ሰዓት እያዩ ሙሉ አንድ ደቂቃ ልቡን መቁጠር ነው፤ ከ160 በላይ ከሆነ ሌሊትም ቢሆን ወደ ሆስፒታል። እንዲህ ያለ ስጋት ያለበት ሕፃን ቲኤስኤችና ፍሪ ቲፎር በ3ኛው እስከ 5ኛው ቀን፣ ደግሞም በ10ኛው እስከ 14ኛው ቀን ይለካለታል። ፀረ እንግዳ አካሉ ሲያልቅ፣ አብዛኛውን ጊዜ በ3 ወይም በ4 ወር ውስጥ፣ በሽታውም አብሮ ያልቃል። ቲፒኦ የሚባለው ፀረ እንግዳ አካል ግን ቢሻገርም ሕፃኑን እንዲህ አያሳምምም፤ «ፀረ እንግዳ አካል አለብሽ» የሚለው ቃል ብቻውን አያስደንግጥ፣ የትኛው እንደሆነ ይጠየቅ።

ወደ ቤት እንመለስ፣ ወደ ክኒኑ አወሳሰድ። ሌቮታይሮክሲን ባዶ ሆድ ይፈልጋል። ጠዋት ከእንቅልፍ እንደተነሡ በውኃ ብቻ ተውጦ ቁርስ ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ይቆይ። ቡና ክኒኑ እንዳይሰርግ ከሚያደርጉት ነገሮች አንዱ ነው። በእኛ ቤት ጠዋት ጀበና ይጣዳል፤ ቡናው እየተቆላ ሳለ ክኒኗ ተውጣ ካለቀች አቦሉ እስኪቀዳ ጊዜው ይደርሳል። ተልባ፣ አጥሚትና አሰር የበዛበት ምግብም ክኒኑን ይዘው ያስቀሩታልና ለበኋላ ይቆዩ። ትልቁ ጠላት ግን ከጤና ጣቢያው የሚሰጠው አይረን ነው። 60 ሚሊግራም አይረን ያለበት የደም ማነስ መከላከያ ክኒን ከሌቮታይሮክሲን ጋር አብሮ ከተዋጠ ሆድ ውስጥ ተጣብቀው ሌቮታይሮክሲኑ ይባክናል። ካልሲየምና የጨጓራ ማስታገሻም እንዲሁ። ቢያንስ 4 ሰዓት ይለያዩ፤ የሚቀለው ሌቮታይሮክሲን ጠዋት፣ አይረን ማታ ነው። መጠኑ እየተጨመረላት ቲኤስኤችዋ አልወርድ ያለ ነፍሰ ጡር ስትገጥም፣ ገና መጠን ከመጨመር በፊት «አይረኑን መቼ ነው የሚውጡት?» ብሎ መጠየቅ ብዙ ጊዜ መልሱን ያወጣዋል።

አንድ ቀን ከተረሳ በማግስቱ ሁለቱን አብሮ መዋጥ ይቻላል፤ ቲፎር በደም ውስጥ በግማሽ ለመቀነስ ሳምንት ያህል የሚፈጅበት ሆርሞን ነው። በሁዳዴና በሌሎች አጽዋማት፣ በረመዳንም ጊዜ፣ ክኒኑ እንዳይቋረጥ ቀድሞ ማሰብ ነው። ጠዋት መዋጥ የማይሆንላት ማታ ከራት በኋላ ሦስት ሰዓት ያህል ቆይታ፣ ስትተኛ ልትውጠው ትችላለች፤ ያኔ አይረኑ ወደ ቀን ይዛወራል። ስለ ጾሙ የንስሐ አባትን ማማከር ለነፍሰ ጡር የተለመደ ነው፤ ስትሄድ መድኃኒቱ የየቀን መሆኑን ትንገራቸው።

አዮዲንን ሳያነሡ ታይሮይድን መጨረስ አይቻልም፣ በተለይ በደጋው። የሰሜን ተራሮችና አካባቢው አፈር በዝናብ ሲታጠብ የኖረ ነው፤ አዮዲን አብሮ ይሄዳል፣ እህሉም ውኃውም ያንሰዋል። የጣና ዓሣ የጨው አልባ ውኃ ዓሣ ስለሆነ እንደ ባሕር ዓሣ አዮዲን አይሰጥም። ወተትና እንቁላል ጥቂት ይሰጣሉ፣ በጾም ግን የሉም። በ2007 እ.ኤ.አ. በታተመ አገር አቀፍ ጥናት በወሊድ ዕድሜ ካሉ ሴቶች 35.8 በመቶ የሚሆኑት እንቅርት ተገኝቶባቸው ነበር። ከዚያ በኋላ በ2011 እ.ኤ.አ. ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲጨመርበት የሚያስገድድ ደንብ ወጣ፤ በ2016 እ.ኤ.አ. በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናትም 89 በመቶ ቤቶች መጠኑ ይብዛም ይነስ አዮዲን ያለበት ጨው ተገኝቶባቸዋል።

«ይብዛም ይነስ» የምትለዋ ቃል ግን ትልቅ ናት። ነፍሰ ጡር በቀን 250 ማይክሮግራም አዮዲን ያስፈልጋታል። ቤት ውስጥ ያለ ጨው ቢያንስ በኪሎ 15 ሚሊግራም ሊኖረው ይገባል፤ በቀን አንድ የሻይ ማንኪያ፣ 5 ግራም ብትበላ 75 ማይክሮግራም ነው የሚደርሳት። በኪሎ 30 ሚሊግራም ካለው 150። ደም ግፊት እያለ ጨው አብዝቶ መብላት መፍትሔ አይደለም፤ ስለዚህ ያለውን አለማባከን ነው። ቅዳሜ ገበያ በክምር የሚሸጥ ጥሬ ጨውና አሞሌ ሳይሆን የታሸገና «አዮዲን ያለው» የሚል ጽሑፍ ያለበት ይገዛ። ቆሻሻ ይመስላል ተብሎ አይታጠብ፤ አዮዲኑ ከውኃው ጋር ይሄዳል። ምድጃ አጠገብ ክፍት ሆኖ አይቀመጥ፤ ሙቀትና እርጥበት ይወስዱታል። ክዳኑ የሚገጥም ዕቃ ውስጥ፣ ከፀሐይና ከእሳት ርቆ ይቀመጥ። ወጡ ላይ የሚጨመረው ሲወጣ ነው፣ ገና ሽንኩርቱ ሲቁላላ አይደለም። የአዮዲን ማሟያ ክኒን ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይወሰድ፤ በተለይ እንቅርት ያለባት ሴት ላይ ድንገት የበዛ አዮዲን ራሱ ታይሮይዱን ያናጋዋል። ለዚህም ነው የሕፃኑ እትብት ላይ አዮዲን የማይቀባው፤ በቀጭኗ ቆዳ ገብቶ ታይሮይዱን ለጊዜው ሊያሰንፈው ይችላል። ለእትብት የተዘጋጀው 4 በመቶ ክሎርሄክሲዲን አለ።

ሕፃኑ ከተወለደ በኋላ የመከላከያው ነገር ወደ ጡት ይዛወራል። እንገሩ፣ ያ ቢጫውና ወፍራሙ፣ አይጂኤ በሚባል የአንጀትና የጉሮሮ ጠባቂ የተሞላ ነው። ታልቦ አይፍሰስ፣ በእሱ ፈንታም ቅቤ አይዋጥ። ሌቮታይሮክሲን የምትወስድ እናት ጡት ማጥባቷ ምንም ችግር የለውም። ሜቲማዞል በቀን እስከ 20 ሚሊግራም፣ ፒቲዩም እስከ 450 ሚሊግራም የምትወስድ እናት ጡት ማጥባት ትችላለች፤ ክኒኑን ካጠባች በኋላ፣ ተከፋፍሎ ብትወስደው ይሻላል። የክትባቱ ቀጠሮ እንደ ማንኛውም ሕፃን ነው፦ በልደት፣ በ6፣ በ10፣ በ14 ሳምንት፣ በ9 እና በ15 ወር። የእናት ታይሮይድ ክትባት የሚያዘገይ ምክንያት አይደለም።

በሕፃኑ ላይ ሌላው የሚታየው ታይሮይዱ ሰንፎ መወለዱ ነው። በተረከዝ ደም የሚደረገው የሕፃናት ሁሉ ምርመራ በእኛ ጤና ጣቢያዎች እንደ ክትባት የተለመደ አይደለምና፣ ምልክቱን በዓይን አይቶ መለየት ነው። ከ2 ሳምንት ያለፈ ቢጫነት፣ ሆድ ድርቀት፣ የጎረነነ ለቅሶ፣ የወጣ እትብት፣ ከአፍ የሚያልፍ ምላስ፣ ቀዝቃዛ ቆዳ፣ «ልጁ በጣም ሰላማዊ ነው፣ አያለቅስም» የሚባል እንቅልፋምነት። ሕክምናው በመጀመሪያዎቹ 2 ሳምንታት ከተጀመረ አእምሮው ይተርፋል። የሌቮታይሮክሲኑ መጠን በቀን በኪሎ ከ10 እስከ 15 ማይክሮግራም ነው፤ ክኒኑ በማንኪያ ተደቁሶ በጥቂት የእናት ወተት ይሰጣል። ጡጦ ውስጥ አይጨመር፤ ወተቱ ካልተጨረሰ መድኃኒቱም አልተጨረሰም።

እናቲቱ በወለደች ማግስት ሌቮታይሮክሲኑ ከእርግዝና በፊት ወደነበረው መጠን፣ ከ9 ወደ 7 ይመለሳል፣ በ6ኛው ሳምንት ቲኤስኤች ይለካል። በአራስ ቤት ገንፎና አጥሚት ገና ጎሕ ሲቀድ ስለሚቀርብ ክኒኗ ትረሳለች፤ አራስ ጠያቂ እናት ወይም እህት «መጀመሪያ ክኒኗን» እንድትል ቀድሞ ይነገራት። በእርግዝና ወቅት ረገብ ብሎ የነበረው የእናቲቱ መከላከያም ከወሊድ በኋላ ተመልሶ ይነሣል። ከወለዱ በኋላ በመጀመሪያው ዓመት ከመቶ 5 የሚሆኑ እናቶች ታይሮይዳቸው ይቆጣል፤ በመጀመሪያ ልብ መምታትና መክሳት፣ ከዚያ ድካም፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ ማዘን፣ የወተት ማነስ። የመጀመሪያው ዙር ላይ ፒቲዩ አይረዳም፤ ዕጢው ያከማቸው ሆርሞን ፈስሶ እንጂ አዲስ እየተመረተ ስላልሆነ። ምች ነው፣ የአራስ ድካም ነው ተብሎ የሚታለፈው ሁለተኛው ዙር ነውና በ4ኛውና በ8ኛው ወር መካከል ድካም አልለቅ ያላት እናት ቲኤስኤች ትለካ።

አዋላጆች ደግሞ እናቲቱ ከመሄዷ በፊት በሕፃኑ ካርድ ላይ በእስክሪቢቶ ይህን ይጻፉ፦ እናቲቱ ግሬቭስ አለባት ወይስ የታይሮይድ ማነስ፤ የመጨረሻው ትራብ ስንት ነበር፣ በስንተኛው ሳምንት፤ ምን መድኃኒት፣ በምን መጠን ትወስድ ነበር፤ ሕፃኑ በየትኛው ቀን ደም ይሰጣል። በአሥረኛው ቀን ሌሊት ሕፃኑን ተቀብሎ የሚያየው ሐኪም ሌላ ሰው ነው፣ በእጁ ያለው መረጃም ያ ካርድ ብቻ ነው።